እጅን ለማጽናት ራስን መንካት

በቋንቋችን ውስጥ አንድ ቃል ሁለት ከባድ ነገሮችን ተሸክሞ ይኖራል። ይኸውም «ራስ» የሚለው ቃል ነው። ራስ ስንል ከአንገት በላይ ያለውን፣ ጠጉር የሚበቅልበትን የአካል ክፍል ማለታችን ነው። ደግሞም ራስ ስንል ሰው «እኔ» ብሎ የሚጠራውን፣ ከሌላው ሰው ሁሉ የሚለይበትን ማንነቱን ማለታችን ነው። «ራሴን አመመኝ» የሚል ሰው ስለ አካሉ ይናገራል፤ «ራሴን ታዘብሁት» የሚል ሰው ግን ስለ ማንነቱ ይናገራል። «ራሱን ሳተ» በተባለ ጊዜ ደግሞ ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ስፍራ ይገናኛሉ። አባቶቻችን ይህን አንድ ቃል ለሁለቱ ነገሮች ሲያውሉት የአንጎልን ሥራ በመሣሪያ መርምረው አልነበረም። ሆኖም የዘመኑ ሕክምና በብዙ ድካም የደረሰበትን ነገር ቋንቋችን አስቀድሞ የጠረጠረው ይመስላል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ከዚሁ ቃል የሚወለድ ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥበትን፣ እግሩ አልታዘዝ ያለውን ሰው ዛሬ ሐኪሞች የራስ ቅሉን በስተው፣ ከአንጎሉ ጥልቅ ስፍራ ደርሰው ሊረዱት ይችላሉ። ነገር ግን እጅን ለማጽናት ብሎ ራስን መንካት የተገባ ነውን? ራሱ የተነካ ሰው ከዚያ በኋላ ያው ራሱ ነውን? ጠባዩ ተለውጦ ቢገኝስ ስለ እርሱ የመወሰን ሥልጣን የማን ነው?

ይህን ጥያቄ እንድንጠይቅ ያደረገን መጽሐፍ አይደለም። ከመሥሪያ ቤታችን በጡረታ የተሰናበቱ አንድ አዛውንት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ናቸው። እኚህ ሰው በሥራ ላይ በነበሩበት ዘመን የእጅ ጽሕፈታቸው እጅግ የተመሰገነ ነበር። ዛሬም ቢሆን በመዝገብ ቤቱ ያሉትን የቆዩ ፋይሎች የሚገልጥ ሰው የእርሳቸውን እጅ ከሌላው ለይቶ ያውቀዋል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በመጀመሪያ አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው አንዳች ነገር እንደሚያድቦለቡል ሰው ጣት ይተሻሹ ነበር። ቀጥሎም ፊደላቸው እያነሰ ሄደ፤ መስመሩን በደኅና ፊደል ጀምረው ከዳር ሲደርሱ ፊደሉ የጤፍ ቅንጣት ያህላል። ከጎረቤት «መጠጥ ነው» ያለ አለ፤ «የሠሩት ነገር ይኖራል» ያለም አለ። አንድ ቀን ገንዘባቸውን ለመቀበል ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ቢሄዱ፣ ፊርማቸው በመዝገብ ካለው ፊርማ ጋር አልገጥም ስላለ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በማግሥቱም ሲሄዱ በአውራ ጣታቸው እንዲፈርሙ ተነገራቸው። ዕድሜያቸውን በብዕር ያደሩ ሰው፣ ፊደል እንዳልቆጠረ ሰው ጣታቸውን ከቀለም ነክረው ወጡ። ያን ዕለት ያዘኑትን ኀዘን እኛ በዓይናችን አይተናል።

አሜሪካን አገር የሚኖረው ልጃቸው ነገሩን በሰማ ጊዜ «በዚህ አገር ለእንዲህ ያለው ሕመም የአንጎል ቀዶ ጥገና ይደረጋል፤ ሐኪሞቹ ይመርምሩዎትና ይቻላል ካሉ እንሞክር» ብሎ ላከባቸው። እርሳቸውም ወደ እኛ መጥተው «ልጄ፣ አንተ መጻሕፍት ታገላብጣለህና ንገረኝ። እጄን እንደሚያጸኑልኝ ሰምቻለሁ። እጄ ከጸና በኋላ ግን የሚፈርመው ያው እኔ እሆናለሁን?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም ወዲያው መልስ ለመስጠት አልደፈርንም። ሐኪም ስላልሆንን ብቻ አይደለም፤ ጥያቄያቸው ከሐኪምም በላይ የሆነ ጥያቄ ስለ ሆነብን ነው። ከዚያ ወዲህ አንብበን ያገኘነውንና አስበን የደረስንበትን ለእርሳቸውም ለአንባብያንም እነሆ እናቀርባለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1817 ዓ.ም. ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ የለንደን ሐኪም ስለሚያንቀጠቅጥ ሽባነት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ የገለጸው ስድስት ሕሙማንን ብቻ ነበር፤ ከእነርሱም መካከል በመንገድ ላይ ሲያልፉ አግኝቶ ያነጋገራቸው፣ ከሩቅ ብቻ ያየውም ነበሩ። እጅ ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት ጊዜ መንቀጥቀጡን፣ ጀርባ መጉበጡን፣ እርምጃ ሳይወዱ በግድ ወደ ሩጫ መለወጡን በጥንቃቄ ጻፈ። የሕመምተኛው ስሜትና አእምሮ ግን አይጎዳም ብሎ ያምን ነበር። በኋላ በፓሪስ ያስተምር የነበረው ታላቁ ሐኪም ሻርኮ በሽታው በፓርኪንሰን ስም እንዲጠራ አደረገ። ሕመሙ እንዲህ ተለይቶ ቢታወቅም መንሥኤው ከመቶ ዓመት በላይ ተሰውሮ ቆየ።

ዛሬ የምናውቀው እንዲህ ነው። ከአንጎል ሥር፣ በመካከለኛው ክፍል ውስጥ፣ ከመልኩ የተነሣ በላቲን ቋንቋ «ጥቁር አካል» ተብሎ የተሰየመ ትንሽ ስፍራ አለ። በዚያ ያሉት ሕዋሳት ዶፓሚን የተባለውን ቅመም ይሠራሉ፤ ይህም ቅመም የአካል እንቅስቃሴ የተቃና እንዲሆን ያደርጋል። እነዚህ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲሞቱ ትእዛዙ ከአንጎል ወደ እጅና ወደ እግር በአግባቡ አይደርስም። የስዊድኑ ሊቅ አርቪድ ካርልሰን በ1950ዎቹ መጨረሻ የዶፓሚንን ሥራ ገለጠ፤ በዚህም ድካሙ በ2000 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። በ1960 ዓ.ም. በቪየና ኤሪንገርና ሆርኒኪዬቪች የተባሉ ተመራማሪዎች በዚህ በሽታ በሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥ ዶፓሚን እጅግ አንሶ መገኘቱን አስታወቁ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ኮትዚያስ የተባለ ሐኪም ሌቮዶፓ የሚባለውን መድኃኒት ጥቂት በጥቂት እየጨመረ በብዛት ቢሰጥ፣ ደርቀው የተቀመጡ ሰዎች ተነሥተው ሲራመዱ ታዩ። ይህ መድኃኒት እስከ ዛሬ ድረስ ለዚህ በሽታ ከሚሰጡት ሁሉ የሚበልጥ ነው። ነገር ግን ዓመታት ባለፉ ቁጥር የመድኃኒቱ ኃይል በቀን ውስጥ ይመጣል ይሄዳል፤ ሲመጣ አካልን ያለ ፈቃድ ያወዛውዛል፤ ሲሄድ ሰውየውን እንደ ግንድ ያደርቀዋል። ቀዶ ጥገና የሚታሰበው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ደረጃ ሲደርስ ነው።

የቀዶ ጥገናው ታሪክም ብዙ ትምህርት አለበት። በፊተኛው ዘመን የነበሩ ቀዳጆች የእንቅስቃሴን መንገድ ቆርጠው መንቀጥቀጡን ያቆሙ ነበር፤ ዋጋው ግን የእጅ መስነፍ ነበር። ሰውየው የሚንቀጠቀጥ እጁን ሰጥቶ የማይንቀሳቀስ እጅ ይቀበላል ማለት ነው። በ1947 ዓ.ም. ሽፒገልና ዋይሲስ የተባሉ የፊላደልፊያ ሐኪሞች የራስ ቅልን ይዞ፣ ከአንጎል ውስጥ የተፈለገውን ነጥብ በልክ የሚያመለክት መሣሪያ ለሰው ሕክምና አዋሉ። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ አርቪንግ ኩፐር የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም ለሌላ ቀዶ ጥገና አንጎል ከፍቶ ሳለ አንዲት ትንሽ የደም ሥር ተበጠሰችበት። ደሙን ለማቆም ሥሩን ዘግቶ ሥራውን ሳይፈጽም ተወው። ሕመምተኛው ሲነቃ ግን መንቀጥቀጡ ጠፍቶ፣ ድርቀቱ ለቆት ተገኘ፤ ሽባም አልሆነም። ኩፐር ይህን በድንገት ያገኘውን ነገር ቀጥሎ አስቦበት ይሠራበት ጀመር። እንግዲህ በአንጎል ውስጥ አንዲት የተወሰነች ስፍራ ብትጠፋ መንቀጥቀጥ እንደሚቆም በስሕተት በኩል ታወቀ።

ሌቮዶፓ ከመጣ በኋላ ቀዶ ጥገናው ለብዙ ጊዜ ተረሳ። በ1987 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በግረኖብል ከተማ አሊም ሉዊ ቤናቢድ የተባለው ሐኪም ሊያጠፋው ያሰበውን ስፍራ በትክክል ማግኘቱን ለመፈተን በቀጭን ሽቦ ኤሌክትሪክ ይልክ ነበር። የኤሌክትሪኩን ምት በሰከንድ ወደ መቶ ያህል ከፍ ሲያደርገው መንቀጥቀጡ ወዲያው ቆመ፤ ሲያጠፋው ተመለሰ። ከዚህም በመነሣት ሥጋውን ሳያቃጥሉና ሳይቆርጡ ሽቦውን በዚያው ትቶ ዘወትር ኤሌክትሪክ መላክ እንደሚቻል አሰበ። በአሜሪካን አገር ማህሎን ዲሎንግ የተባለው ሊቅ ከጓደኞቹ ጋር በዝንጀሮዎች ላይ ባደረገው ምርምር የምስር ቅርጽ ያላት አንዲት ትንሽ የአንጎል ክፍል በዚህ በሽታ ጊዜ ከልክ በላይ እንደምትሠራ አሳይቶ ስለ ነበር፣ በ1993 ዓ.ም. ቤናቢድ ሽቦውን ወደዚያች ስፍራ አደረሰው። ሁለቱም በ2014 ዓ.ም. ላስከር የተባለውን ከፍተኛ የሕክምና ሽልማት ተካፈሉ። በአሜሪካን መንግሥት ዘንድ ሕክምናው በ1997 ዓ.ም. ለመንቀጥቀጥ፣ በ2002 ዓ.ም. ለፓርኪንሰን በሽታ ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ይህን መሣሪያ በአካላቸው ተሸክመው ኖረዋል።

አሠራሩን ላልሰማ አንባቢ በአጭሩ እንግለጽ። የራስ ቅል በጥቂቱ ይበሳል፤ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር ብዙ የማይበልጥ ሽቦ በልክ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሽቦው ከቆዳ በታች በአንገት በኩል ወርዶ በደረት ላይ ከተቀበረ ባትሪ ጋር ይገናኛል። የሚያስደንቀው ነገር ብዙ ጊዜ ሕመምተኛው በዚህ ሁሉ መካከል ነቅቶ መቆየቱ ነው። የራስ ቆዳ በመርፌ ይደነዝዛል እንጂ አንጎል ራሱ ሲነካ ሕመም አይሰማውም። የሥጋን ሕመም ሁሉ የሚያስተውለው አካል የራሱን ሕመም አያውቅም። ሐኪሙም «እጅዎን ያንሡ፣ ይቁጠሩ፣ ይናገሩ» እያለ ይፈትናል። እንዲህ ባለው ሰዓት ሐኪሙ በአንድ ጊዜ አንጎልን ይነካል፣ ከሰውየውም ጋር ይነጋገራል። የሁለቱ ራሶች ነገር ከዚህ የበለጠ ተቀራርቦ የሚታይበት ስፍራ ያለ አይመስለንም።

ሕክምናው በሽታውን አያድንም፤ የሕዋሳቱንም መሞት አይከለክልም። መንቀጥቀጥን፣ ድርቀትንና ያለ ፈቃድ መወዛወዝን ያቃልላል፤ የመድኃኒቱንም መጠን ብዙ ጊዜ ያሳንሳል። የንግግርን መንተባተብ፣ የሚዛንን መጥፋት፣ የማስታወስን መድከም ግን አያስተካክልም፤ አንዳንድ ጊዜም ንግግርን ያከብደዋል። ደም በአንጎል ውስጥ መፍሰስ፣ የቁስል ማመርቀዝ፣ የስሜትና የጠባይ መለወጥ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች ሕመምተኛን ሁሉ አይቀበሉም፤ መርምረው ይመርጣሉ። ይህን ሁሉ የዘረዘርነው ስለ ምግባር ለመናገር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ ስለሚገባው ነው። ነገሩን ሳያውቁ መፍረድ ፍርድ አይባልም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አንዳንድ ሰዎች «አንጎል የነፍስ ማደሪያ ነውና የሰው እጅ ሊገባበት አይገባም» ይላሉ። ይህን ቃል አናቃልለውም፤ ምክንያቱም የዓለም ታሪክ ለፍርሃቱ ማስረጃ ይሰጣልና። በ1935 ዓ.ም. የሊስቦኑ ሐኪም ኤጋስ ሞኒዝ የአእምሮ ሕሙማንን ለማከም የአንጎልን ፊተኛ ክፍል ከቀረው የሚያገናኘውን ሥር ማበላሸት ጀመረ። በ1949 ዓ.ም. ስለዚህ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በብዙ አገሮች በተለይም በአሜሪካን አገር እጅግ ብዙ ሰዎች ይህ ተደረገባቸው። ከእነርሱም ብዙዎቹ ጸጥ አሉ፤ ጸጥታቸው ግን የዳነ ሰው ጸጥታ አልነበረም፤ ፈቃዱና ፍላጎቱ የጠፋበት ሰው ጸጥታ ነበር። ዓለም ያን ጊዜ አጨበጨበ፤ በኋላ አፈረ። ሽልማት ለአንድ ሥራ ደግነት ማረጋገጫ እንዳይደለ ከዚህ እንማራለን።

ነገር ግን አንድ ሥራ ከሌላው ጋር በአንድ መሣሪያ ስለ ተሠራ ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት አይደለም። ቢላዋ በወንበዴ እጅም በእናት ማዕድ ቤትም ይገኛል። በሁለቱ ሕክምናዎች መካከል ሦስት ልዩነቶች እናያለን። የመጀመሪያው «ለማን ተብሎ?» የሚለው ነው። በፊተኛው ሥራ ብዙ ጊዜ ዕረፍት ያገኘው በሕመምተኛው ጩኸት የታወከው ቤተ ሰብና የሕሙማን ቤቱ ጠባቂ ነበር፤ በኋለኛው ሥራ ግን ዕረፍት እንዲያገኝ የሚፈለገው ሕመምተኛው ራሱ ነው። ሁለተኛው «ማን ፈቀደ?» የሚለው ነው። በፊተኛው ብዙዎች ሳይጠየቁ ተደረገባቸው፤ በኋለኛው ያለ ሰውየው ፈቃድ መደረግ የለበትም። ሦስተኛው «ሊመለስ ይችላልን?» የሚለው ነው። የተቆረጠ አንጎል አይቀጠልም፤ የኤሌክትሪክ ምት ግን ሊቀነስ፣ ሊጠፋም ይችላል። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ ግን የኋለኛውም ሥራ የፊተኛውን መንገድ መከተሉ አይቀርም። ስለዚህ የተገባ መሆኑና አለመሆኑ የሚታወቀው በአንጎል መነካቱ አይደለም፤ በአነካኩ ነው።

ደግሞም «ራስ አይነካ» የሚለው ሰው አንድ ነገር የዘነጋ ይመስለናል። በሽታው ራስን አስቀድሞ ነክቶታል። ፓርኪንሰን አእምሮ አይጎዳም ያለው ልክ አለመሆኑ በኋላ ታውቋል፤ ሕመሙ እንቅልፍን ያውካል፣ ያለ ምክንያት ያሳዝናል፣ የነገሮችን ጣዕም ይነሣል፣ ሐሳብንም ያዘገያል። ሌቮዶፓና የእርሱ ዘመዶች የሆኑት መድኃኒቶችም ወደ አንጎል ገብተው ነው የሚሠሩት፤ ከእነርሱም የተነሣ በቁማርና ያለ ልክ በመግዛት ምኞት የተያዙ ሕሙማን አሉ። እንግዲህ ምርጫው በተነካ ራስና ባልተነካ ራስ መካከል አይደለም። ምርጫው በሽታው እንዳሻው በሚነካው ራስና ሰው አስቦ፣ ለክቶና ፈቅዶ በሚነካው ራስ መካከል ነው። ይህን ከተረዳን የመጀመሪያው ጥያቄ ይቀልልናል፤ ሁለተኛው ግን ይከብዳል።

ሁለተኛው ጥያቄ «ያው ራሱ ነውን?» የሚለው ነበር። በ2006 ዓ.ም. የፓሪስ ሐኪሞች ይህ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን 29 ሰዎች ከቀዶ ጥገናው በፊትና በኋላ ጠይቀው ያገኙትን አሳተሙ። እንቅስቃሴያቸው እጅግ ተሻሽሎ ነበር። ብዙዎቹ ግን ራሳቸው ለራሳቸው እንግዳ ሆኑባቸው፤ በትዳራቸውና በሥራቸውም ችግር ያገኛቸው ነበሩ። ነገሩን ስናስበው የሚያስደንቅ አይደለም። ለብዙ ዓመታት በሽታን መታገል የኑሮው ሥራ የነበረ ሰው፣ ጠላቱ በድንገት ሲሸሽ ትጥቁን የት እንደሚያኖረው ይጨነቃል። ሚስትም አስታማሚ ሆና ከኖረች በኋላ እንደገና ሚስት መሆን ሊከብዳት ይችላል። ስለዚህ ሰውየው «ተለወጥሁ» ቢል ለውጡ ሁሉ የሽቦው ሥራ አይደለም፤ ጤና ራሱ ሰውን ይለውጣልና። እጅን ብቻ አድኖ ሰውየውን ያለ ምክር ወደ ቤቱ የሚሰድድ ሕክምና ግን ሥራውን በግማሽ የተወ ነው።

ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ። በ2004 ዓ.ም. የኔዘርላንድስ ሐኪሞች ስለ አንድ የስድሳ ሁለት ዓመት ሰው ጻፉ። ይህ ሰው መሣሪያው ሲሠራ እንደ ልቡ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ነገር ግን ከልክ ባለፈ ደስታና ትዕቢት ይያዛል፣ ከአቅሙ በላይ ዕዳ ይገባል፣ መታመሙንም አያምንም። መሣሪያው ሲጠፋ አእምሮው ይመለሳል፤ ነገር ግን ከአልጋ የማይነሣ፣ በሰው እጅ የሚኖር ድውይ ይሆናል። መሣሪያውን በማስተካከልም በመድኃኒትም መካከለኛ መንገድ ሊገኝ አልቻለም። ሐኪሞቹም መሣሪያውን አጥፍተው፣ አእምሮው በተመለሰበት ሰዓት «የትኛውን ትመርጣለህ?» ብለው ጠየቁት። እርሱም መሣሪያው እንዲሠራና በአእምሮ ሕሙማን ቤት ተጠብቆ እንዲኖር መረጠ። ፈቃዱም ተፈጸመለት።

ይህን ታሪክ ባነበብን ጊዜ ለብዙ ቀናት ከሐሳባችን አልወጣም። ከሁለቱ ሰዎች እውነተኛው ማን ነው? በአልጋ ላይ ያለው አስተዋዩ ነውን ወይስ እየተራመደ የሚስተው? «እውነተኛው የፊተኛው ነው፤ የኋለኛው የኤሌክትሪክ እንግዳ ነው» የሚሉ አሉ። እኛ ግን በዚህ ብቻ አንረካም፤ አስተዋዩ ሰው ራሱ ያን እንግዳ ወደ ቤቱ ጠርቶታልና። ሌሎች ደግሞ «በሥቃይ ላይ ያለ ሰው የሚሰጠው ፈቃድ የተገደደ ፈቃድ ስለ ሆነ አይረጋም» ይላሉ። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ከታመመ ሰው ምንም ዓይነት ፈቃድ መቀበል ባልተቻለም ነበር፤ ማንም ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው ሥቃይ ገፍቶት ነውና። ሥቃይ ምርጫን ያጠብባል፤ ማመዛዘንን ግን ሁልጊዜ አያጠፋም።

በእኛ አስተያየት ሰውን ራሱ የሚያሰኘው እጁ መጽናቱ ወይም ልቡ መደሰቱ አይደለም። ስለ ሥራው ሲጠየቅ መልስ መስጠት መቻሉ፣ ትናንት የገባውን ቃል ዛሬ የእኔ ነው ማለቱ፣ የነገውንም ጉዳት ዛሬ ማየቱ ነው። በአንድ ቃል ለቃሉ የሚጠየቅ መሆኑ ነው። ፊርማ የዚህ የቃል ምልክት እንጂ ሌላ አይደለም። ፊርማው እየተንቀጠቀጠ ቃሉ የጸና ሰው ራሱን አላጣም። አስፈሪው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ፊርማው ጸንቶ ቃሉ ቢንቀጠቀጥ ያን ጊዜ ራሱን አጣ ማለት ይቻላል። የኔዘርላንድስ ሐኪሞች ሰውየውን መሣሪያው በጠፋበት ሰዓት መጠየቃቸው ትክክል ነው የምንለውም ስለዚሁ ነው፤ ሁለቱንም ኑሮ አይቶ ሊያመዛዝን የሚችለው በዚያን ሰዓት ብቻ ነበርና። ምርጫው ለእኛ ቢመርረን እንኳ ቃሉ የእርሱ ነው። ሆኖም የአንድ ሰው መራራ ምርጫ ለሌሎች ሕግ ሊሆን አይገባም።

ከዚህ የምናወጣው ምክር ሦስት ነው። አንደኛ፣ እንዲህ ያለውን ሕክምና የሚያስብ ሰው ገና አእምሮው በተረጋጋበት ጊዜ፣ ምን ሊያገኝ ምን ሊያጣ እንደሚችል ተነግሮት ይወስን፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና አይቸኩል። ሁለተኛ፣ ሰው የራሱን መለወጥ ብዙ ጊዜ ከሌላው በኋላ ስለሚያስተውል፣ የሚያምነውን ሰው አስቀድሞ ይምረጥ፤ ያም ሰው ለውጥ ሲያይ ለሐኪሙ እንዲናገር ይፈቀድለት። ሦስተኛ፣ ሕመምተኛው «ቀንሱልኝ፣ አጥፉልኝ» ለማለት መብቱ የተጠበቀ ይሁን፤ ሐኪሙም በእጁ መጽናት ተደስቶ የልቡን ነገር ሳይጠይቅ አይለፍ።

አንድ ጥያቄ ገና ይቀረናል፤ እርሱም የፍትሕ ጥያቄ ነው። ይህ ሕክምና እጅግ ውድ ነው። መሣሪያው፣ ባትሪው፣ ሠልጥኖ የሚያስተካክለው ሐኪም ሁሉ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዘመን ይጠይቃሉ። ተራው ባትሪ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቀዶ ጥገና መለወጥ አለበት። ባሕር ማዶ ልጅ ያለው አባት ሊያስበው ይችላል፤ ልጅ የሌለው አባትስ? የዓለም ጤና ድርጅት ሌቮዶፓን ከካርቢዶፓ ጋር ለማንኛውም አገር አስፈላጊ ከሆኑት መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አግብቶታል። እንግዲህ የሽቦው ቀዶ ጥገና ለጥቂቶች የሚደርስ ቢሆን እንኳ ክኒኑ ለብዙዎች እንዲደርስ መትጋት ቀዳሚ ግዴታ ነው። ጣሪያ ከማስጌጥ በፊት መሠረት ይጣላል።

ከክኒኑም በፊት ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ መድኃኒት በእጃችን አለ። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ሰው በሽታውን የሚሸሽገው ግን ሌላው ስለሚስቅበት ነው። መምህራን የሚንቀጠቀጥ እጅ የስካርም የኀጢአትም ምልክት እንዳይደለ ለተማሪዎቻቸው ቢያስተምሩ፣ እኛም በመሥሪያ ቤት ያለነው የሚንቀጠቀጠውን ባለጉዳይ በወንበር አስቀምጠን፣ ጊዜ ሰጥተን፣ ፊርማው ቢጣመም ሰውየውን በመታወቂያውና በምስክር ብንለየው፣ ብዙ ኀዘን ይቀልል ነበር። የሰው ማንነት የሚጸናው በሐኪም እጅ ብቻ አይደለም፤ በሚያስተናግደውም ሰው ዓይን ነው።

ይህን ሁሉ ለአዛውንቱ በቃላችን አስረዳናቸው። እስከ መጨረሻው በጸጥታ ካዳመጡ በኋላ «እንግዲያው ከመሄዴ በፊት አንድ ደብዳቤ እጽፋለሁ» አሉ። «ለማን ነው የሚጽፉት?» ብንላቸው «ለራሴ ነዋ» አሉን። «የምወደውን፣ የማልወደውን፣ ያለብኝን ዕዳ፣ ለሰው የገባሁትን ቃል ሁሉ እጽፍበታለሁ። ከባለቤቴም ዘንድ አኖረዋለሁ። እጄ ከጸና በኋላ ታነብልኛለች። ያን ጊዜ ደብዳቤው የእኔ ነው ካልሁ ደግ ነው። ይህ የማን ነው ካልሁ ግን ሐኪሙን ጥሩልኝ» አሉ። «ታዲያ እርስዎ ይናገሩና እኛ እንጻፍልዎት» ብለን ለመንናቸው። እርሳቸው ግን «ቢንቀጠቀጥም ጽሕፈቱ የእኔ መሆን አለበት» ብለው እንቢ አሉ።

ደብዳቤውን ለመጨረስ ብዙ ቀን እንደሚወስድባቸው እናውቃለን። ሐኪሞቹም ገና አልመረመሯቸውም፤ ቀዶ ጥገናው ለእርሳቸው የሚስማማ መሆኑና አለመሆኑ ከምርመራው በኋላ ይታወቃል። ጥያቄያቸው ግን ከእኛ መልስ ይልቅ በእርሳቸው ደብዳቤ የተመለሰ መሰለን። ጥበብ እጅን ማጽናት ከቻለች የተመሰገነች ናት፤ ቃልን ማጽናት ግን ለእያንዳንዱ ሰው ለራሱ የተተወ ሥራ ነው። ያን ሥራ የሚሠራውን ሰው መጠበቅና ማክበር ደግሞ የሁላችንም ግዴታ ነው ብለን እናምናለን።